በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ስለ ነበሩት የቁስለኞች ድንኳኖች

ኢዮቤልዩ በኦሪት ሕግ እንደ ታዘዘው የመመለስ ዓመት ነው። የተሸጠ ርስት ወደ ባለ ርስቱ ይመለሳል፤ በባርነት ያደረም ሰው ወደ ወገኑ ይመለሳል። ደብራችን 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር ከበሮ መምታትና እልል ማለት የሚገባ ነው፤ ነገር ግን የበዓሉ ስም ራሱ ከደስታው ጋራ አንድ ጥያቄ ይጠይቀናል፤ ይኸውም፥ በእጃችን ሳለ ለባለቤቱ ያልመለስነው ነገር ምንድር ነው የሚል ነው። በእኔ አሳብ ካልተመለሱት ነገሮች አንዱ ስም ነው። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት በቆሰሉት፥ ቁስለኛውንም ተሸክመው ባወጡት፥ ቁስሉንም ባጠቡትና ባሰሩት ሰዎች ዘንድ ያለብን ዕዳ ይህ ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ውስጥ ስለ እነዚያ የቁስለኞች ድንኳኖች የታወቀውን ታሪክ በአጭሩ ለመጻፍ፥ ከዚያም ያልታወቀውን ለመፈለግ ይህ ደብር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማሳሰብ ወደድሁ። የምጽፈው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ የነገሩን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። በጦር ሜዳ የቈሰለ ሰው እስኪድን ድረስ ሦስት ስፍራ ያልፋል። የመጀመሪያው ከውጊያው አጠገብ ያለው የመታሰሪያ ስፍራ ነው፤ በዚያ ደሙ ይገታል፥ የተሰበረው አጥንት በእንጨት ይደገፋል፥ ውሃም ይሰጠዋል። ሁለተኛው ከውጊያው ጥቂት ራቅ ብሎ የሚተከለው የሐኪም ድንኳን ነው፤ በዚያ ጥይቱ ይወጣል፥ የበሰበሰው ሥጋ ይቈረጣል፥ ቁስሉ ይታጠባል። ሦስተኛው በከተማ ያለው ሐኪም ቤት ነው፤ በዚያ እስኪድን ይተኛል። እነዚህን ሦስቱን የሚያያይዛቸው መንገድ ነው፤ በመንገዱም ላይ ቃሬዛ፥ በቅሎና ካሚዮን ያስፈልጋል። መንገዱ ከተቈረጠ ወይም የሚሸከም ሰው ከጠፋ የሐኪሙ ጥበብ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ቁስለኛው ሐኪሙ ዘንድ ሳይደርስ ይሞታልና።

ይህ ሥርዓት ለቤተ ክርስቲያን ልጅ እንግዳ አይደለም። ጌታችን በተናገረው ምሳሌ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴ እጅ የወደቀውን ሰው ሳምራዊው በወደቀበት ስፍራ ቁስሉን አሰረለት፤ በገዛ እንስሳው ጭኖ ወሰደው፤ በእንግዶች ማደሪያም አስተኝቶ ስለ ማስታመሚያው ገንዘብ ከፈለ። እንግዲህ ማሰር፥ መሸከም፥ ማስተኛትና ወጪውን መቻል በዚያ ምሳሌ ውስጥ ተሟልተው ይገኛሉ። የዛሬው ዓለም በሕግ የጻፈው ነገር በወንጌል አስቀድሞ በምግባር ተገልጧል ማለት ነው።

ስለ ጥንቱ ልማድ

በአገራችን በጥንቱ ዘመቻ ለቁስለኛ ተብሎ የተለየ ጭፍራ አልነበረም። ዘማቹ ከነቤተ ሰቡ ይጓዝ ስለ ነበር የቈሰለውን የሚያስታምሙት ሚስቱ፥ ወንድሙ፥ አሽከሩ ነበሩ። የተሰበረውን ወጌሻ ይጠግነዋል፤ ለቁስልም ማር፥ ቅቤና እሬት፥ ባላገሩ የሚያውቀው ቅጠልና ሥርም ይደረግለታል። ነፍሱንም ከታቦቱ ጋራ የሚዘምቱት ካህናት ይጠብቋት ነበር፤ የሚሞተውን ያናዝዛሉ፥ ያቈርባሉ፥ የሞተውንም ይፈታሉ። ይህን ልማድ የሚንቅ ሰው አላዋቂ ነው፤ ብዙ ሰው በእርሱ ድኗልና። ነገር ግን ለጐራዴና ለጦር ቁስል የተበጀ ልማድ ለመድፍና ለቦምብ ቁስል አይበቃም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ከሆነ በኋላ ቁስለኛው ብዙ ስለ ነበረ የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞችን ልኮ ነበር፤ እነርሱም በሐረር በኩል ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዚያው ዓመት ክረምት ቁስለኞችን አከሙ። ኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ስም ለተሠራው ሆስፒታል መነሻው የእነዚህ ሐኪሞች ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ በ40 ዓመት ውስጥ በከተሞቻችን ሐኪም ቤቶች ተሠሩ፤ ለሠራዊቱ ግን የራሱ የሆነ የሕክምና ክፍል ሳይደራጅለት ሌላው ጦርነት ደረሰ።

ቀይ መስቀል ወደ ኢትዮጵያ ስለ መግባቱ

የቀይ መስቀል ማኅበር የተፀነሰው በ1851 ዓ.ም. በሶልፌሪኖ በተደረገው ውጊያ ነው። ሄንሪ ዱናንት የሚባል የጄኔቫ ሰው በዚያ ሜዳ የወደቁትን ቁስለኞች ያለ ረዳት ሲያልቁ አይቶ፥ ጠላትና ወዳጅ ሳይለይ ቁስለኛ ሁሉ እንዲታከም ነገሥታቱን አሳሰበ። በ1856 ዓ.ም. መንግሥታት በጄኔቫ ተሰብስበው ቁስለኛውና ሐኪሙ እንዳይመቱ ተዋዋሉ፤ ለምልክትም በነጭ ጨርቅ ላይ ቀይ መስቀል አደረጉ። ይህም የስዊስ አገር ሰንደቅ ዓላማ ቀለሙ ተገልብጦ ነው።

ኢጣልያ በኤርትራና በሶማሌ በኩል ሠራዊቷን ስታከማች የኢትዮጵያ መንግሥት ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ቀይ መስቀል ማኅበር አቋቋመ፤ በዚያው ወርም የቁስለኞችን የጄኔቫ ውል ተቀበለ። ጦርነቱ የተጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ቀኑን ቍጠረው፤ ማኅበሩ ተቋቁሞ ውጊያው እስኪጀመር ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። በዚያ አጭር ጊዜ ድንኳን፥ አልጋ፥ መድኃኒት፥ ፋሻ፥ ካሚዮንና ሰው መሰብሰብ ነበረበት። የማኅበሩ ጸሐፊ ሆነው ይህን ሥራ የመሩት አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ዶክቶር ቶማስ ላምቢ ነበሩ። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በዚያ አገር ለኢትዮጵያ የሚሆን ርዳታ ይለምኑ ነበር። በአዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይና ሌሎች ወይዛዝርት ተሰብስበው ለቁስለኛ ፋሻ፥ ለወታደርም የመርዝ መከላከያ ጭምብል ያዘጋጁ ነበር። ልዕልት ፀሐይ ኋላ በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር የአስታማሚነትን ትምህርት ተምረው ተመለሱ፤ በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፉ።

ድንኳኖቹ የት የት እንደ ነበሩ

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ራሱ ካቋቋማቸው ጭፍሮች ሌላ ከእንግሊዝ፥ ከስዊድን፥ ከኖርዌይ፥ ከፊንላንድ፥ ከሆላንድና ከግብፅ የሐኪም ጭፍሮች መጡ። ስዊድኖቹና ኖርዌዮቹ ወደ ደቡብ፥ ግብፆቹና ፊንላንዶቹ ወደ ሐረርጌ፥ ሆላንዶቹና እንግሊዞቹ ወደ ሰሜን ጦር ሄዱ። ግብፆቹ የያዙት ምልክት ቀይ ጨረቃ ነበር። ከአገራችን ተወላጆች በውጭ አገር የሕክምና ትምህርት ጨርሰው የተመለሱት በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱ በአሜሪካ የተማሩት ዶክቶር መላኩ በያን በኦጋዴን ጦር ሜዳ አገልግለዋል። በዚያው በኦጋዴን በደጋሐ ቡር የነበሩት አሜሪካዊው ዶክቶር ሮበርት ሆክማን ያልፈነዳ ቦምብ ሲፈቱ ፈንድቶባቸው በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ሞቱ።

እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ለዚያ ለሚያህል ሠራዊት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደሴ እስከ ኮረም ደግሞ በተራራ ላይ የሚያልፍ አስቸጋሪ መንገድ ነው። ቁስለኛው ከተምቤን ወይም ከአምባ አራዶም ተነሥቶ ሐኪም እስኪያገኝ ብዙ ቀን በእግሩ ይሄድ ነበር፤ መሄድ ያቃተው በወንድሞቹ ትከሻ ላይ ነበር። ከላይ ከተናገርናቸው ሦስት ስፍራዎች የመጀመሪያው የመታሰሪያ ስፍራና የመሸከሙ ሥራ በባዕድ ሐኪሞች እጅ አልነበረም፤ የባላገሩና የወታደሩ ሥራ ነበር። ይህን ነገር አስቀምጡልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ደሴ

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን በደሴ ባደረጉ ጊዜ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች መጥተው ከተማዪቱን በቦምብ ደበደቧት። የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሐኪም ቤትና በአጠገቡ የነበሩት የቀይ መስቀል ድንኳኖች የመስቀሉን ምልክት እንደ ያዙ ተመቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በመትረየስ ይተኵሱ ነበር። በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በዚያው ቀን በአንድነት ሆነው ያዩትን በቴሌግራም ወደ ጄኔቫ አስታወቁ። የተቃጠለውን ድንኳን ትተው በቀረው መሣሪያ የቈሰለውን ሲያክሙ ዋሉ፥ አደሩም።

ስለ መልካ ዲዳ

በደቡብ በኩል የራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት በገናሌ ዶሪያ ወንዝ ሲዋጋ የስዊድን ጭፍራ በመልካ ዲዳ ሰፍሮ ነበር። አለቃቸው ዶክቶር ፍሪዴ ሂላንደር ቀድሞም በኢትዮጵያ የኖሩና አገሩን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በጧት አይሮፕላኖች መጥተው በድንኳኖቹ ላይ ቦምብ አወረዱ፥ በመትረየስም ተኰሱ። አይሮፕላኖቹ ወረቀትም ጥለው ነበር፤ የወረቀቱም ቃል፥ ከአብራሪዎቻቸው አንዱ በኦጋዴን ተማርኮ ስለ ተገደለ ብድራቱን እንደሚከፍሉ የሚገልጥ ነበር። በድንኳን የተኙት ቁስለኞች በዚያ ሰው መገደል እጃቸው አልነበረበትም። ከስዊድኖቹ ጉናር ሉንድስትሬም የሚባሉት ረዳት ቈስለው ሞቱ፤ ሂላንደርም ቈሰሉ። ከኢትዮጵያውያን ግን ከ20 በላይ ሰዎች በተኙበት አለቁ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላሳስብ። የሉንድስትሬም ስም ከአገራቸው ሰዎች ዘንድ ተጽፎ ይኖራል፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፥ የሚገባቸውም ነው። የቀሩት ግን በመጽሐፍ የሚገኙት ቍጥር ሆነው ነው። እያንዳንዱ እናት የወለደችው፥ በ40 ቀኑ ስመ ክርስትና የተሰጠው፥ ወይም እንደ ወገኑ ሥርዓት ስም የወጣለት ሰው ነበር።

ስለ ኮረምና ስለ መርዙ

ኢጣልያ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ የመርዝ ጋዝ በጦርነት እንዳይሠራበት ከተዋዋሉት መንግሥታት አንዷ ነበረች። ነገር ግን ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ በተከዜ ዳር በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ፥ ከዚያም በሌላው ጦር ላይ ይፔሪት የሚባለው መርዝ ተጣለ። ይህ መርዝ ጋዝ ይባል እንጂ በእውነቱ እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው። ከቦምብ ሲፈስ ወይም ከአይሮፕላን ሲረጭ እንደ ካፊያ ይወርዳል፤ ከአየር ስለሚከብድ በሸለቆና በጕድጓድ ይተኛል፤ በሣርና በድንጋይ ላይም ብዙ ቀን ይቈያል። የነካው ሰው በዚያን ጊዜ አይታወቀውም፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ቈዳው ይላጣል፥ ውሃ ይቋጥራል፥ ዓይኑ ይታወራል፥ ሳንባውም ይቃጠላል። በባዶ እግሩ የሚሄድ ወታደር መርዙ በወረደበት ሣር ላይ ሲረግጥ እግሩ ይቃጠል ነበር፤ ከወንዝ የጠጣም በአንጀቱ ይሠቃይ ነበር።

ሕክምናው ቶሎ ከተደረገ ቀላል ይመስላል፤ ልብሱን ማውለቅ፥ ገላውን በብዙ ውሃና በሳሙና ማጠብ፥ ዓይኑንም በሶዳ ውሃ ማጠብ ነው። ነገር ግን አንድ ልብስ ብቻ ላለው ሰው፥ ውሃውም ራሱ በተመረዘበት አገር፥ ሐኪሙም የብዙ ቀን መንገድ በራቀበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር የማይቻል ሆነ። ወደ ድንኳኖቹ የደረሱት ቁስላቸው ከሰነበተ በኋላ ነው።

የእንግሊዝ ጭፍራ በዶክቶር ጆን ሜሊ አለቅነት በኮረም ሜዳ ሰፍሮ ነበር። በመርዝ የተቃጠሉት ሰዎች ብዙ መቶ እየሆኑ ወደ እነርሱ መጡ፤ ከሐኪሞቹ አንዱ ዶክቶር ማክፊ ያዩትን በየቀኑ ጽፈው ኋላ በመጽሐፍ አሳትመውታል። የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. ይህ ሰፈር ትልቅ የቀይ መስቀል ምልክት በምድር ላይ እንደ ተዘረጋ በቦምብ ተመታ፤ ከታማሚዎቹም የሞቱ ነበሩ። በመጋቢት ወር ደግሞ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ይነዱት የነበረው የቀይ መስቀል አይሮፕላን በኮረም እንደ ቆመ በቦምብ ጠፋ። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ውጊያ ሆነ፤ ወደ ኋላ የተመለሰውም ሠራዊት በሐሸንጌ ዳር ሲያልፍ ከሰማይ ቦምብና መርዝ ወረደበት። መጋቢት 20 ቀንም ሐረር ተደብድባ የሕሙማን ቤቶች ተመትተዋል።

ዶክቶር ሜሊ ከጭፍራቸው ጋራ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሚያዝያ 25 ቀን በከተማው ዘረፋና ተኵስ በነበረ ጊዜ በመንገድ የወደቀውን ቁስለኛ ሊያነሡ ወርደው ሳለ በጥይት ተመቱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን፥ ጠላት አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፥ ዐረፉ። እኒህን ሰው የመታው የጠላት አይሮፕላን አይደለም፤ በከተማችን መንገድ ላይ ይዘርፍ የነበረ ሰው ነው። ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህንም መደበቅ አይገባውም።

ስለ ምልክቱ የተነሣ ክርክር

በዚያን ጊዜ ኢጣልያ፥ ኢትዮጵያውያን በቀይ መስቀል ምልክት ጥላ መሣሪያና ጭፍራ ይሸሽጋሉ ብላ ትከስ ነበር። እውነትን ለመናገር፥ በፍርሃት ምክንያት ምልክቱን በማይገባው ቤትና ድንኳን ላይ ያነሣ ሰው ከእኛ ወገን አልታጣም። ይህ ስሕተት ነው፤ ምልክቱን ያለ ሥርዓት የሚያነሣ ሰው የእውነተኛውን ቁስለኛ ጋሻ ያሳሳዋልና። ነገር ግን የጥቂቶች ስሕተት በመልካ ዲዳ በአልጋ የተኛውን ሰው መግደል ንጹሕ አያደርገውም። በዚያ የተጣለው ወረቀት ራሱ ምክንያቱ ብድር መመለስ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ከዚህም የተነሣ በድንኳኖቹ ዘንድ ታላቅ ሐዘን ሆነ። ምልክቱ ሊጠብቅ የተሰጠ ሲሆን የሞት መጥሪያ መሰለ፤ ቁስለኛው መስቀል ያለበትን ድንኳን ይሸሽ ጀመር፤ ሐኪሞቹም ምልክቱን ሸሽገው በዛፍና በገደል ጥላ መሥራት ግድ ሆነባቸው። የቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቅን መለየት ይማራል። በነጭ ጨርቅ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ሰም ነው፤ ወርቁ ምሕረት ነው። ወርቁን ያላወቀ ሰው ሰሙን ቢያይ አይራራም፤ ከሰማይ ሆኖ የሚያየው ዒላማ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን ጥፋት ምልክቱ ደካማ ስለ ነበረ የመጣ አይደለም፤ ምልክቱን ያነበበው ሰው ወርቁን ስለ ጣለው ነው።

በጄኔቫ ያለው የቀይ መስቀል ጉባኤ ማርሴል ዡኖና ሲድኒ ብራውን የሚባሉ መልክተኞችን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር፤ ስለ ቦምቡና ስለ መርዙም ወሬ ደርሶታል። ነገር ግን ለሁለቱ ወገን አላደላም በማለት ነገሩን በአደባባይ አልገለጠም፤ የመንግሥታት ማኅበርም ማስረጃውን በጠየቀው ጊዜ አሳልፎ አልሰጠም። ስለዚህ ነገር ኋላ ብዙ ተወቅሷል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የመርዙን ነገር ሲናገሩ የሰማቸው ዓለም ብዙ ነበር፤ የረዳቸው ግን አልነበረም። የኢጣልያ መንግሥት መርዝ መጣሉን በጦር ሚኒስትሩ አፍ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ከተከዜ እስከዚያ ቀን 60 ዓመት ሆነ።

ታሪኩ የሚመረመርበት መንገድ

የቤተ መንግሥትን ወይም የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ የሚመረምር ሰው ድንጋይና ግንብ ያገኛል። የቁስለኞች ድንኳን ግን ሲነቀል የሚተወው ካስማው የነበረበትን ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እርሱንም አንድ ክረምት ያጠፋዋል። ስለዚህ መርማሪው ሦስት ዓይነት ምስክር ይፈልጋል።

የመጀመሪያው የባዕድ ሐኪሞች ጽሕፈት ነው። ዡኖ ያዩትን በመጽሐፍ ጽፈዋል፤ የጄኔቫው ጉባኤም መዝገቡን ለመርማሪዎች ከከፈተ በኋላ ራይነር ባውደንዲስቴል የሚባሉ ጸሐፊ የቀይ መስቀልን ሥራ በዚህ ጦርነት መርምረው በ1998 ዓ.ም. ገደማ ታላቅ መጽሐፍ አወጡ። ሁለተኛው የጠላት የራሱ መዝገብ ነው። መርዝ እንዲጣል የተላለፈው ትእዛዝ በቴሌግራም ስለ ነበረ ወረቀቱ ተገኝቷል፤ ኢጣልያዊው አንጄሎ ዴል ቦካ የአገራቸውን ሰዎች ቍጣ ታግሠው ይህን እውነት ለብዙ ዘመን ሲጽፉ ኖረዋል። ጠላት በገዛ እጁ የጻፈው ምስክርነት ከሁሉ የጸና ነው።

ሦስተኛው ምስክር በእኛ እጅ ያለው ነው፤ እርሱም የቤተ ሰብ ወሬ፥ የአጥቢያው መዝገብና የአገሩ ስም ነው። ከእነዚህ ሦስቱ ይህ ብቻ ገና አልተሰበሰበም። ባዕዳኑ ሐኪሞች የጻፉት ስለ ድንኳናቸው ነው፤ ከድንኳኑ በፊት ስላለው ስለ መታሰሪያው ስፍራና ስለ መንገዱ የጻፉት ጥቂት ነው፤ አላዩትምና። ከላይ አስቀምጡልኝ ያልሁት ነገር ይህ ነው። ከተምቤን እስከ ኮረም በትከሻቸው የተሸከሙት ሰዎች፥ በድንኳኑም ውስጥ ለሐኪሙ ቋንቋ ያስተረጐሙት፥ ውሃ የቀዱት፥ ቁስል አጥበው ፋሻ ያሰሩት፥ ድሬሰር የሚባሉት ልጆች የእኛ ወገኖች ናቸው። በባዕዱ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ረዳት ወይም አሽከር ተብለው ነው።

ስለ ስም

አንድ ሰው እንዲህ ይለኝ ይሆናል፤ በወንጌሉ ምሳሌ የሳምራዊው ስም አልተጻፈም፥ የቁስለኛውም አልተጻፈም፤ መልካም ሥራ ከተሠራ ስሙ ምን ያደርጋል? መልሱ እንዲህ ነው። ያ ምሳሌ ነው፤ በምሳሌ ውስጥ ስም የተተወው ሰው ሁሉ በዚያ ስፍራ ራሱን እንዲያቆም ነው። እነዚህ ግን ምሳሌ አይደሉም፤ ሰዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን በጸሎተ ፍትሐትና በተዝካር ሙታንን የምታስበው በስመ ክርስትናቸው ነው፤ ስም ሲጠፋ ከጸሎቱ አንዱ በር ይዘጋል። እግዚአብሔር ስማቸውን ያውቃል፤ እርሱ ያውቃል ብለን እኛ መርሳታችን ግን ስንፍና ነው እንጂ እምነት አይደለም።

ዘመኑም አይጠብቀንም። ከጦርነቱ ወደ 90 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል። በዓይናቸው ያዩት አልፈዋል፤ ከአባታቸው አፍ የሰሙት ልጆቻቸው ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከእነርሱ በኋላ የሚቀረው የወሬ ወሬ ነው። ደብራችን ከጦርነቱ በኋላ የተተከለ ቢሆንም ምእመናኑ ከብዙ አገር የመጡ ስለ ሆኑ በየቤቱ የሚነገረው ነገር ከብዙ ጦር ሜዳ የመጣ ነው።

ስለዚህ በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት በዕቃ ቤቱ አንድ መዝገብ ይከፈት እላለሁ። በመዝገቡም ስለ እያንዳንዱ ሰው ይህ ይጻፍ፤ ስመ ክርስትናውና ዓለማዊ ስሙ፤ የተወለደበት አገር፤ በማን ጦር እንደ ዘመተ፤ የት እንደ ቈሰለ ወይም ማንን እንዳስታመመ፤ በመርዝ ተቃጥሎ እንደ ሆነ ምልክቱ በገላው ላይ ምን እንደ ነበረ፤ ማን ተሸክሞ እንዳወጣው፤ የት እንደ ታከመና የት እንደ ተቀበረ። ወሬውን የነገረው ሰው ስምና ዝምድናው፥ የተነገረበትም ቀን ከጎኑ ይጻፍ። በዓይን የታየው በዓይን እንደ ታየ፥ በወሬ የተሰማውም በወሬ እንደ ተሰማ ተለይቶ ይጻፍ። የጐደለው ጐድሎ ይቅር፤ ማንም ለቤተ ሰቡ ክብር ሲል ያልሆነውን አይጨምር፤ በመዝገብ ላይ የተጨመረ አንድ ሐሰት መቶውን እውነት ያስጠረጥራልና። የቈየ ወረቀት፥ ደብዳቤ ወይም የሜዳይ ምስክር ወረቀት ያለው ቤተ ሰብ ዋናውን በቤቱ ያኑር፤ ግልባጩን ለመዝገቡ ይስጥ።

ሴቶቹም አይረሱ። ከሠራዊቱ ጋራ ስንቅ ተሸክመው የዘመቱት፥ ውሃ ለቁስለኛ ያደረሱት፥ ነጠላቸውን ቀደው ፋሻ ያደረጉት እናቶች በማናቸውም የደመወዝ መዝገብ አልተጻፉም። ወሬአቸው የሚገኘው በልጅ ልጆቻቸው አፍ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ የእነርሱ ይጠየቅ።

የባዕዳኑንም ስም ከዚሁ እንዳንለይ አደራ እላለሁ። ሜሊ፥ ሉንድስትሬም፥ ሆክማን በሃይማኖት ሥርዓት ከእኛ የተለዩ ነበሩ፤ በቋንቋም አይተዋወቁንም ነበር። ሳምራዊው ግን ከአይሁድ የተለየ ነበር፤ ጌታችንም ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ሲያስተምር እርሱን አስቀደመው። እንግዳው ስለ እኛ የሞተበትን ነገር እኛ በምስጋና ማሰብ ካቃተን ምሳሌውን አላነበብነውም ማለት ነው።

ግንብ ያልተሠራላቸው እነዚያ ድንኳኖች በመልካ ዲዳ፥ በደሴና በኮረም ሜዳ ተነቅለው ቀርተዋል፤ በዚያ ዛሬ እህል ይዘራ ይሆናል፥ ከብትም ይሰማራ ይሆናል። መዝገቡ ከተጻፈ ግን ስማቸው ወደ ወገናቸው ይመለሳል፤ ይህም ለኢዮቤልዩ የሚገባ መመለስ ነው። የሞቱትን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ የቈሰሉትን ያስታመሙትን ሁሉ በመንግሥቱ ያስብልን፤ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥልን። አሜን።